የልጄ ስጦታና የቮልሳችን ትንፋሽ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የምትለዋን ተረት ልጆቼን ለመገሠጽ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜባታለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ግን ይህችው ተረት አፌ ላይ ከደረሰች በኋላ መልሼ ዋጥኋት። ያን ዕለት ባልውጣት ኖሮ ከመኪናም ከገንዘብም የሚበልጥ ነገር አጣ ነበር። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ፣ በተለይ ከሥራ ሲመለሱ የቤት ጣጣ ለሚጠብቃቸው እናቶች ይጠቅም ይሆናል በማለት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት በሂሳብ ሠራተኛነት የምተዳደር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎታል። ከቤታችን ቀጥሎ ትቶልን የሄደው ዋና ንብረት አንዲት ቮልስዋገን ናት። የተሠራችው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ሲሆን፣ ሞተሯ «1300» የሚባለው ነው። በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኋላ ክዳኗን ከፍቶ ሲፈታና ሲገጥም ይውል ነበር። ትልቁ ልጃችን የእጅ ባትሪ ይዞ ያበራለታል፤ እኔ ቡና አፈላለሁ። አባቱ ካረፈ ወዲህ ግን ልጁ ያን ክዳን ከፍቶ አያውቅም ነበር።

ቮልስን ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበር ትልቅም ትንሽም ያውቀዋል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፣ የመጨረሻዋ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። በእኛ ከተማ ግን ዛሬም አቀበቱን እየተንደቀደቀች ስትወጣ ትታያለች።

«ለምን ሸጠሽ አትገላገያትም?» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። መልሴ ቀላል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንደ እኔ ባለ ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ያለውን ከሸጠ ሌላ አይገዛም። ከዚህም በላይ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የደም ግፊት ስላለባቸው በየወሩ ሐኪም ቤት መሄድ አለባቸው፤ ታክሲ ተሰልፈው ለመጠበቅ ጕልበታቸው አይፈቅድላቸውም። ስለዚህ ቮልሷ ለቤታችን ጌጥ ሳትሆን እግር ናት ማለት ይቻላል።

ባለፈው ጥር ወር አንድ እሑድ ጠዋት ትልቁ ልጄ «እማዬ፣ ነይ እስኪ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብሎ እጄን ይዞ ወደ ግቢ አወጣኝ። የቮልሷ የኋላ ክዳን ተከፍቷል። ከሞተሩ በላይ ጉብ ብሎ ይቀመጥ የነበረው ድስት የሚያህል ጥቁር ቆርቆሮ የለም። በእርሱ ፋንታ ቡጢ የምታህል፣ ቀይ ወንፊት የለበሰችና የምታብረቀርቅ አዲስ የአየር ማጣሪያ ተተክላለች። ልጄ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ በማስጠናት ካጠራቀማት ገንዘብ መርካቶ ሱማሌ ተራ ሄዶ ገዝቷት ኖሯል።

«አሮጌው ማጣሪያ አፍኗት ነበር። አሁን እንደ ልቧ ትተነፍሳለች፤ አቀበት ላይም አትደክምብሽም» አለኝ።

ሞተሩን ሲያስነሣው ድምፁ ጎላ ብሎ «ፉ» የሚል ነገር ተጨመረበት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ያየሁት ማጣሪያውን አልነበረም። ከስድስት ዓመት በኋላ ክዳኑን የከፈተውን ልጅና በግራሶ የጠቆሩ ጣቶቹን ነበር የማየው። ግንባሩን ስሜ መረቅሁት። በአሮጌው ቆርቆሮ ላይ ተያይዘው የነበሩ ሁለት ቱቦዎች አሁን የት እንደ ገቡ ግን አልጠየቅሁም። ገንዘብ ሲወጣና ሲገባ ደረሰኝ የምጠይቅ የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሳለሁ፣ በገዛ ንብረቴ ላይ አለመጠየቄ የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነበር።

በዚያን ሰሞን የሰፈራችን መንገድ ተቆፍሮ ነበርና እስከ ግንቦት ድረስ አቧራው አንገት ያስደፋ ነበር። ቮልሷ በየቀኑ በዚያ ውስጥ ትመላለሳለች። ጥቂት እንደ ቆየም የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። ትንሿ ልጄ «ራሴን አመመኝ» እያለች መስኮት ትከፍታለች። እኔም «አሮጌ መኪና አይደለች» እያልሁ አለፍሁት።

ሐምሌ ገባ። አንድ ጠዋት እናቴ ከአልጋቸው ሲነሡ ዞሮባቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጭጋጉ መሬት ነክቷል። ደግፌ ወደ መኪናው አስገባኋቸውና ተነሣን። ሰባት ስምንት ደቂቃ ያህል እንደ ሄድን ሞተሩ መንገጫገጭ ጀመረ፤ ነዳጅ ስሰጠውም አልሰማ ብሎ ጠፋ። ባስነሣው አይነሣም። ከኋላዬ የመኪናው ሁሉ ጥሩንባ ይጮኻል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ ስሞክረው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሣ። ደግሞ ትንሽ እንደ ሄድን ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ እንባዬ መጣ።

እናቴ ግን ክንዴን ነካ አድርገው «ልጄ፣ አትደንግጪ። እሷም እንደ እኔ ትንፋሽ አጥሯት ይሆናል» አሉኝ።

አንድ የታክሲ ሾፌር አዝኖልን ወርዶ መኪናዋን ወደ ዳር ገፋልኝና በራሱ ታክሲ ሐኪም ቤት አደረሰን። የእናቴ ግፊት ከፍ ብሎ ስለ ነበር ሲከታተሉዋቸው ውለው፣ መድኃኒታቸው ተለውጦላቸው ማታ ወደ ቤት ተመለስን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደኅና ናቸው።

ቮልሷን በማግሥቱ ያስጎተትሁት ወደ አንድ ጋራዥ ነበር። እዚያም ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ መታደስ እንዳለበት ተነገረኝ። የተጠየቅሁት ዋጋ ከአራት ወር ደመወዜ ይበልጣል። ለምን እንደምትጠፋ ስጠይቅ ግን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። እንዲያውም በሞቀው ጋራዥ ውስጥ አንድም ጊዜ ሳትጠፋ ዋለች። ያለ ምክንያት ገንዘብ አላወጣም ብዬ ወደ ቤት መለስኋት።

ልጄ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ደኅናውን ነቅለህ…» ልለው አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል። «እማዬ፣ እኔ በገጠምሁት ምክንያት ነው አይደል? እማማ ቢሞቱ ኖሮ…» ብሎ አልጨረሰውም። የራሱን ፍርድ በራሱ ላይ ፈርዶ ጨርሷል። እኔ አንድ ቃል ብጨምር ያ ልጅ ዳግመኛ ካቻቢቴ የሚያነሣ አልመሰለኝም። ተረቴን ዋጥሁና «ምክንያቱን አላወቅንም። አብረን እንየው» አልሁት።

ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ጡረታ የወጡ አንድ አረጋዊ መካኒክ አሉ። ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ልጄን ልኬ አስጠራኋቸው። ቡና አስቀድሜ ካቀረብሁላቸው በኋላ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ጋሼ ሞተሩን አላስነሡም፤ ቁልፍም አላነሡም። «እስኪ ነጭ ጨርቅ ስጡኝ» ብቻ አሉ።

የቀይዋን ማጣሪያ ማሰሪያ ፈተው አነሧት፤ ጨርቁን ጣታቸው ላይ ጠቅልለው የካርቡራቶሩን አፍ ውስጡን ጠረጉት። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ወጣ። በሁለት ጣታቸው መካከል አሸት አድርገው ለልጄ ሰጡትና «ምን ይልሃል?» አሉት። «ይሻክራል፤ አሸዋ ነው» አለ። «አዎን። ይህ አሸዋ ከዚህ አፍ ዐልፎ የሚሄደው ወደ ፒስቶኑ ነው። ዘይት ጋር ሲገናኝ ሞረድ ይሆናል፤ ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይበላል» አሉት።

ጋሼ ያስረዱንን፣ እኔም በኋላ አንብቤ ያገኘሁትን አጠቃልዬ ልንገራችሁ። ሞተር ከቤንዚን ይልቅ የሚበላው አየር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ወደ 10 ሺህ ሊትር ገደማ አየር ይፈልጋል። የእኛይቱ ሞተር 1,285 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስትሆን፣ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ብትዞርና በሙሉ አፏ ብትተነፍስ በደቂቃ ወደ 1,900 ሊትር አየር ትስባለች ማለት ነው። በተቆፈረ መንገድ ላይ ያ ሁሉ አየር ምን ተሸክሞ እንደሚገባ መገመት አያቅትም። በማጣሪያውና በካርቡራቶሩ አፍ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ክፍተት ካለ፣ አየሩ ማጣሪያውን ትቶ በዚያ ይገባል። ልጄ የገዛት ማጣሪያ አፏ ከካርቡራቶሩ አፍ ጥቂት ሰፋ ያለች ስለ ነበረች ማሰሪያውን ቢያጠብቀውም በአንድ ወገን ቀዳዳ ቀርቶ ነበር።

ያ የተናቀው ጥቁር ቆርቆሮ ግን የራሱ ብልሃት አለው። ውስጡ የሞተር ዘይት አለ። አየሩ ወደ ታች ወርዶ ዘይቱ ፊት ላይ በድንገት ሲታጠፍ፣ ከባዱ አቧራ መታጠፍ አቅቶት ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል፤ የተረፈው ደግሞ ከበላይ ባለው ዘይት የነካው ጭረት ላይ ይጣበቃል። አቧራው ከታች ጭቃ ሆኖ ይቀመጣል። ያን ጭቃ ጠርጎ ዘይቱን መቀየር ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህን ስሰማ የቤታችን የጉሽ ጠላ ትዝ አለኝ፤ አተላው ከታች ይቀራል፣ የጠራው ከላይ ይቀዳል።

ሁለቱ ቱቦዎችስ? አንደኛው ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን የዘይት ጭስ ወደ ማጣሪያው አስገብቶ እንዲቃጠል የሚያደርግ ነው። ልጄ የሚሰካበት ቦታ ስላጣ እንዲሁ አንጠልጥሎት ነበር። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ሲሆን፣ ለተሳፋሪው ሙቀት የሚመጣውም ከዚያው ማራገቢያ ነው። ስለዚህ ጭሱ ከሞተሩ ክፍል ተስቦ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። የትንሿ ልጄ ራስ ምታት ምክንያቱ ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ቱቦ ከሞተሩ አጠገብ የሞቀ አየር የሚያመጣ ነው። የማጣሪያው አፍ ላይ ክብደት ያላት ትንሽ በር አለች። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ በሯ ተዘግታ ሞቃቱን አየር ታስገባለች፤ ሞተሩ በኃይል ሲስብ ተከፍታ ቀዝቃዛውን ትጨምራለች። «አዲስ አበባ እንደ አውሮፓ በረዶ የለም፤ ሙቀቱ ምን ያደርጋል?» የሚል ብዙ ሰው አለ። ጋሼ ግን እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ሐኪም መርፌ ሊወጋሽ አልኮል ሲቀባሽ ቆዳሽ አይቀዘቅዝም?» ቤንዚንም ካርቡራቶሩ ውስጥ ሲተን እንደዚያው ሙቀት ይወስዳል። በሐምሌ ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛና እርጥበት የበዛበት በሆነ ጊዜ፣ እርጥበቱ በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይጋገርና መተንፈሻውን ይዘጋዋል። መኪናው ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ የሞተሩ ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ሞተሩም ይነሣል። ጋራዥ ሲደርስ ቀልጦ ስላለቀ ምልክቱ አይገኝም። ያን ጠዋት ሦስት ጊዜ የጠፋችበት፣ በሞቀ ቤት ደግሞ ሳትጠፋ የዋለችበት ምሥጢር ይህ ነበር።

ጋሼ በመጨረሻ ወደ ልጄ ዞረው «ሐሳብህ መልካም ነው። ሞተር ጥሩ አየር ይፈልጋል ብለህ ማሰብህ ትክክል ነው። ያልጠየቅኸው፣ ከፋብሪካ የመጣው ዕቃ ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደ ተሠራ ነው። ነቅለህ ከመጣልህ በፊት ሥራውን ጠይቅ» አሉት። ልጄም «ጋሼ፣ አልጣልሁትም እኮ፤ ዕቃ ቤት አስቀምጬዋለሁ» አለ። ሽማግሌው ሣቁ። «እንግዲያው መካኒክ ትሆናለህ» አሉት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የሥራ ቀን ሆነ። እኔም ቡና አፍልቼ ዳር መቆሜን ትቼ አሮጌ ቀሚስ ለበስሁ። ትንሿ ልጄ ደብተር ይዛ የተፈታውን ሁሉ በቅደም ተከተል ትጽፋለች፤ ብሎኖቹንም በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ውስጥ ተራ በተራ ታኖራለች። እንዲህ ያለ ሥራ በቤታቸው ለሚሞክሩ ሁሉ የሠራነውን በዝርዝር ብገልጽ ይበጃል።

በመጀመሪያ ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፤ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የባትሪ ገመድም አላቀቅን። የካርቡራቶሩ አፍ ክፍት ሆኖ ብሎን ቢወድቅበት ሞተሩን ሊሰብረው ስለሚችል፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንነው። አሮጌውን ቆርቆሮ ከዕቃ ቤት አውጥተን በነጭ ጋዝ አጠብነው። ይህ የተደረገው ደጅ ላይ ነው። ከሰልም ሆነ ሲጋራ በአካባቢው አልነበረም፤ የቡናውን ምድጃ እንኳ ወደ ጓሮ አዞርሁት። በልጆች ፊት በቤንዚን ዕቃ ማጠብ እጅግ አደገኛ ስለ ሆነ ጋሼ ፈጽሞ ከለከሉን። የታጠበው ተዘቅዝቆ ጋዙ ጠፈፍ እንዲልና እንዲደርቅ ሌሊቱን አሳደርነው።

ቆርቆሮው እስኪደርቅ ድረስ ስናይ፣ ቤንዚን ወደ ካርቡራቶሩ የሚወስደው ቱቦ እንደ አሮጌ ጫማ ተሰነጣጥቆ አገኘነው። ቤንዚን በሞቀ ሞተር ላይ ቢንጠባጠብ መኪናዋ ከእነተሳፋሪዋ በተቃጠለች ነበር። ወዲያውኑ በአዲስ ተተካ። ይህን ሳይ እናቴን ያሳፈርሁባቸውን ቀናት ሁሉ አስቤ ጕልበቴ ከዳኝ። አንባቢዎቼ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ፣ አሮጌ መኪና ያላቸው ይህን ቱቦ እንዲያዩ አደራ እላለሁ።

እሑድ ጠዋት ዋናው ማሻሻያ ተጀመረ። ሐሳቡን ያመጣው ልጄ ነው። «አሮጌውን እንዲሁ ከመለስነው ምን አሻሻልን? መጋጠሚያዎቹን ሁሉ አዲስ እናድርጋቸው» አለ። በዚሁ መሠረት ማጣሪያው ከካርቡራቶሩ አፍ ጋር የሚገናኝበት የጎማ ቀለበት ተቀየረ። የሞቀ አየር ቱቦውና የዘይት ጭስ ቱቦው በአዲስ ተተክተው በጥሩ ማሰሪያ ጠበቁ። ዝጋ የተጣበቀችው ትንሿ በር ተጸድታ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመረች። ከዚያም ልጄ ከሞተሩ ዙሪያ፣ ቆርቆሮውና አካሏ የሚገናኙበትን ረጅም የጎማ ማሸጊያ ለወጠው። ግማሹ ተበልቶ ጠፍቶ ስለ ነበር፣ ከሥር የጋለ አየርና የመንገድ አቧራ ሽቅብ እየተሳበ ይገባ ነበር። ሞተሩ የሚተነፍሰው ከኋላ መስኮት በታች ባሉት ቀዳዳዎች የሚገባውን ቀዝቀዝ ያለ አየር እንዲሆን ያደረገው ይህ ማሸጊያ ነው።

በመጨረሻም ቆርቆሮው ውስጥ ንጹሕ የሞተር ዘይት እስከ ቀዩ ምልክት ድረስ ተሞላ። ምልክቱ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘይቱ ቢያንስ አቧራው ያልፋል፤ ቢበዛ ደግሞ ሞተሩ ዘይቱን ስቦ ይጠጣዋል። ማጣሪያው ሲነሣም ሲቀመጥም ሳይዘነብል ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። የወጣውን አሮጌ ዘይት ወደ ቦይ አልደፋነውም፤ ጄሪካን ውስጥ አድርገን ለሚሰበስቡ ሰዎች ሰጠነው።

ታዲያ ኃይል ጨመረች ወይ? ልጄም ይህንኑ ጠየቀ። ጋሼ የሰጡት መልስ እውነተኛ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ የማንኛዋም ካርቡራቶር ያላት መኪና አቅም እዚህ ይቀንሳል፤ የቱንም ያህል የሚያብረቀርቅ ማጣሪያ ቢገጠም የሳሳውን አየር አያወፍረውም። ይልቁንስ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑም በልኩ ማነስ አለበት። ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለብሰው ስለ ነበር፣ ጋሼ ካርቡራቶሩን አጥበው ለከፍታው እንዲስማማ አስተካከሉትና ሚኒሞውንም አረጋጉት። የአራቱንም ሲሊንደር ግፊት በመለኪያ ሲያዩት ሦስቱ እኩል ሆኑ፤ አንዱ ግን ዝቅ አለ። የጥር እስከ ሐምሌው አቧራ የተወው ጠባሳ ይሆናል። አንድ ቀን ሞተሩ መውረዱ አይቀርም፤ ነገር ግን ዛሬ አይደለም፤ በአራት ወር ደመወዝም አይደለም። እኛ ያወጣነው ለቱቦዎቹ፣ ለጎማዎቹና ለዘይቱ ብቻ ነበር።

በዘይት የሚሠራው ማጣሪያ የሌላቸው ወይም የበሰበሰባቸው ሰዎች የወረቀት ማጣሪያ ቢያደርጉ ነውር የለውም። እንዲያውም ጥሩ ወረቀት ደቃቁን አቧራ በይበልጥ ይይዛል። ነገር ግን ዙሪያውን በተዘጋ ቤት ውስጥ የተቀመጠ፣ ሁለቱንም ቱቦዎች የሚቀበልና በካርቡራቶሩ አፍ ልክ የሚገጥም መሆን አለበት። ወረቀቱ አይታጠብም፤ ሲቆሽሽ ይለወጣል። በዘይት የሚሠራው ደግሞ አቧራ በበዛበት ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ተከፍቶ ቢታይ መልካም ነው። ከታች ያለው ጭቃ ሲወፍርና ከበላዩ ያለው ዘይት ሲሳሳ መጽጃው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ለሁለቱም ዓይነት ፍርዱ ያው የጋሼ ነጭ ጨርቅ ነው።

በዚያ እሑድ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ትንሿ ልጄ ደብተሯን እየገለጠች «እማዬ፣ አባዬ ለምን ለእኔ ባትሪ አላስያዘኝም?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሕፃን ነበረች ብዬ ልመልስላት አሰብሁ፤ ግን እውነቱ ያ ብቻ አልነበረም። እኔም እኮ ትልቅ ሴት ሆኜ ሳለሁ ባትሪ አልያዝሁም። ያ ሁሉ ቅዳሜ አጠገቤ ዕውቀት ሲነገር፣ የወንድ ጨዋታ ነው ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼው ኖርሁ። ባለቤቴ ሲያርፍ ቁልፉ ብቻ ነው የቀረልኝ። ከቤታችን ውስጥ ምጣዱንም፣ ቆጣሪውንም፣ የውኃ ቧንቧውንም የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲጠፋ ቤቱ ለማያውቀው ሰው ምሕረት የተጣለ ይሆናል። «ሞተሩ ይውረድ» ሲሉኝ እሺ ልል ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር።

ስለ ልጄም አንድ ቃል ልበል። ልጆቻችን ያለ ጥያቄ ሲያበላሹ መቆጣት ተገቢ ነው። ነገር ግን ያበላሸው ሊረዳን ብሎ እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። ልጄ የሰጠኝ ስጦታ ጉድለት ነበረበት፤ መስጠቱ ግን ጉድለት አልነበረበትም። ጉድለቱን በእጁ እንዲያቃና ባላደርግ ኖሮ፣ አንዲት ማጣሪያ ተመልሳ ልጁ ይቀርብኝ ነበር።

ነሐሴም እንደ ሐምሌ ጭጋጋም ነበር። የእናቴ ቀጠሮ ደረሰና ጠዋት ተነሣን። ልጄ አብሮን ልሂድ ብሎ ከፊት ተቀመጠ፤ መንገዱን በሙሉ ጆሮው ከኋላ ነበር። ያች የጠፋችበት ቦታ ስንደርስ ትንፋሹን ያዘ። ቮልሷ እየተንደቀደቀች ዐለፈች። እናቴ ከኋላ ሆነው «ዛሬስ ሁላችሁም ደኅና ትተነፍሳላችሁ?» ብለው አሣቁን።

ክረምቱ ወጥቶ አቧራው ሲመለስ፣ በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ክዳኑን ከፈትን። ጨርቁን በጣቷ ላይ ጠቅልላ የካርቡራቶሩን አፍ የጠረገችው ትንሿ ልጄ ናት። ወንድሟ ባትሪ ይዞላት ነበር። ጨርቁ ነጭ እንደ ሆነ ወጣ። ደብተሯ ላይ ቀኑን ጽፋ፣ ከጎኑ «ንጹሕ» የሚል ቃል አስፍራ ዘጋችው።